ደንገል አይበሳም፦ ስለ ታንኳው ካርቱን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንዴት ከረማችሁ። እኔ ባሕር ዳር ፔዳ ጊቢ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ አነባለሁ፣ ሁሌ ገዝቼ ነው ብዬ ግን አልዋሽም፣ አንዳንዴ ደንበኛ ባንኮኒ ላይ ረስቶት የሄደውን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ፖለቲካዊ ካርቱን በተለያየ የሂስ ቲዮሪ እንዴት እንደሚነበብ የሚያስረዳ ሙሉ ገጽ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር፣ ምሳሌ የተደረገውም እዛው ገጽ ላይ የነበረው የታንኳ ካርቱን ነው። ጸሐፊው የተማሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፣ አክብሬ ነው ያነበብኳቸው፣ ግን ነገሩ የሠርግ ቡፌ ሆነብኝ፦ አንድ ጭልፋ ማርክሲዝም፣ አንድ ጭልፋ ፌሚኒዝም፣ አንድ ጭልፋ ሴሚዮቲክስ (የምልክት ጥናት)፣ አንድ ጭልፋ ፖስት ኮሎኒያሊዝም (የቅኝ ግዛትን ውርስ የሚመረምረው)፣ ከላይ ትንሽ ፍሮይድ፣ መጨረሻ ላይ "ሁሉም ንባብ እኩል ነው" ብለው ሳህኑን አስይዘውን ሄዱ። እኔ ደግሞ ሳህኑን ይዤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጉረመርም ቆየሁና ይኸው ዛሬ ደንበኛ ሲቀንስ ጻፍኩላችሁ።

አንተ ማን ነህና ነው ስለ ቲዮሪ የምታወራው የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ አልተማርኩትም። ግን 11 ዓመት የተማሪ ቴሲስ ስተይብና ስጠርዝ ኖሬያለሁ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ያለችውን የቲዮሪ ክፍል በእንቅልፌም ልተይባት እችላለሁ። አንድ ጊዜ በሦስት የተለያዩ ተማሪዎች ቴሲስ ውስጥ የጣልያኑ ማርክሲስት "ግራምሺ" በአንድ አይነት ስህተት "ግራማሲ" ተብሎ አገኘሁት፣ ኮማው ሳይቀር አንድ ነው። ከዛ ምዕራፍ አራት ስትደርሱ ቲዮሪው የለም፣ መናኸሪያ ላይ እንደተረሳ ሻንጣ እዛው ምዕራፍ ሁለት ቀርቷል። አንዱ ልጅ ደግሞ አማካሪው በቀይ እስክሪብቶ "ቲዮሪ ይጨመር" ብሎ መልሶለት መጣና "ጋሼ የቱን ልጨምር?" አለኝ፣ እኔን! ጨው ይመስል። የእናንተ ጽሑፍ ያስታወሰኝ ይሄን ልጅ ነው።

ካርቱኑን ላላዩት ልንገራቸው። ጣና ላይ ያለች አንዲት የደንገል ታንኳ ናት፣ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ታስራ የምትሠራው። ከፊት ሙሉ ልብስ የለበሰ ቦርጫም ሰውዬ ድምፅ ማጉያ ይዞ ተቀምጧል፣ ፊቱ በጎን ነው የሚታየው። ከመሐል አፋቸው የታሰረ ማዳበሪያዎች ተከምረዋል፣ ላያቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። ከማዳበሪያዎቹ ኋላ ባዶ እግሩን የሆነ ከሲታ ሰው በቀርከሃ ይቀዝፋል። ከጭራው ጫፍ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። የታንኳዋ ሆድ ተበስቶ ውኃ እንደ ቧንቧ እየተንፎለፎለ ይገባል፣ ዙሪያውን እምቦጭ ነው። ከኋላ፣ በጣም ትንሽ ሆነው፣ የከተማችን ዘንባባዎች ይታያሉ። ሰውዬው በድምፅ ማጉያው የሚለው "ከዳር እናደርሰዋለን!" ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው በአምስት መነጽር ሲያዩት ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አልነኳትም። አንድ ጊዜም! የካርቱኑ ነፍስ ያለችው ግን እሷ ጋ ነው። ሴሚዮቲክስ ሲሉ ስሙን የጠሩት ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ምስል በጻፈው ላይ ትልቅ ቦታ የሰጠው እኮ ለጽሑፉ ነው። ምስል ብቻውን ብዙ ትርጉም ይዞ ይንሳፈፋል፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንደ መልሕቅ አንዱ ላይ ይተክለዋል ነው የሚለው። እዚህ ካርቱን ላይ ደግሞ መልሕቁ ራሱ ኅብር ቃል ነው፣ በአንድ ቃል ብዙ ትርጉም ያዘለ፣ ለማስቆም የተጣለው ነገር ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ለዚህ ባርት ሳይሆን የቅኔ ተማሪ ነው የሚያስፈልገው። ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ ዋሸራ ቅኔ የተቆጠረላቸው ሰው ነበሩ፣ ይቺን ቢያዩ ቁጭ ብለው ነበር የሚፈቷት።

"ዳር" ሰሙ ቀላል ነው፣ የተጀመረን ነገር ከዳር ማድረስ፣ መጨረስ፣ ስብሰባ ላይ በቀን አሥር ጊዜ የምንሰማው። አንድም ዳር የሐይቁ ዳር ነው፣ የብስ። ግን ዘንባባዎቹ ከኋላ ቀርተዋል፣ ታንኳዋ የምትሄደው ወደ ሐይቁ መሐል ነው፣ ስለዚህ ሰውዬው ዳር ዳር እያለ ከዳር እየራቀ ነው። አንድም ዳር ጠርዝ ነው፣ የተገፋ ሰው የሚቆምበት፣ ከመሐል የወጣ። እዚህ ላይ ከጭራው ጫፍ የተቀመጠችውን ሴት እዩዋት፣ በርግጥም ከዳር አድርሷታል። ሦስቱም ሥዕሉ ላይ አሉ፣ አንዱንም ከኪሴ አላመጣሁም። ዘመናዊዎቹ ዲኮንስትራክሽን የሚሉት ነገር፣ ንግግሩ በራሱ ቃል ሲፈርስ ማለቴ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣለታል?

ይሄ ደግሞ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ሻርል ፊሊፖን የሚባል ጋዜጣ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1831 ንጉሡን ሉዊ ፊሊፕን ሰድበሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ሲቆም አራት ሥዕል ሣለ፣ የመጀመሪያው የንጉሡ ፊት ነው፣ ሁለተኛው ትንሽ ጉንጩ ሲያብጥ፣ ሦስተኛው የበለጠ፣ አራተኛው ፒር የሚባለው ፍሬ ራሱ። ንጉሡ ፒር ቢመስል ጥፋቱ የኔ ነው? ነው ክርክሩ። በፈረንሳይኛ ፒር በሰፈር ቋንቋ ሞኝ፣ ቂል ማለትም ነው። ሰሙ ፍሬ፣ ወርቁ ስድብ! ተፈረደበት፣ ግን ፒሩ አገሩን አዳረሰ፣ ግድግዳ ላይ ሁሉ በከሰል ይሥሉት ነበር። በዓመቱ የሱ ባልደረባ ዶሚዬ ያንኑ ንጉሥ የድሃ ብር የሚበላ ግዙፍ ሆዳም አድርጎ በመሣሉ ስድስት ወር ተፈርዶበት ታሰረ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ለካ እዛም ነበር።

አሁን ወደ ቤቴ ልውሰዳችሁ። ጋዜጣውን ማታ ይዤ ገባሁና ለእማዬ አሳየኋት። እማዬ ፊደል ብዙ አልዘለቀችም፣ ዓይኗም ደክሟል፣ ከሥር ያለውን ጽሑፍ አላነበብኩላትም። ገና ከማየቷ "ይሄ ከፊት ያለውማ የተረገመ ነው" አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት "አንድ ዓይን ነዋ ያለው!" አለች፣ የጠየቅኳት ሞኝነት እስኪመስለኝ ድረስ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄዳችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጻድቁ ፊት ለፊት ሁለት ዓይኑ ታይቶ ይሣላል፣ ሰይጣኑ፣ ሰቃዩ፣ ከሐዲው በጎን ሆኖ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። እማዬ ይሄን ሕግ ማንም አላስተማራትም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ለንግሥ በሄደች ቁጥር ስታየው ነው የኖረችው። ጸሐፊው ግን የጎን ፊቱን "የሥልጣን አቅጣጫ ጠቋሚ" ብለው አለፉት። ሴሚዮቲክስ ማለት ኮድ መፍታት ከሆነ ኮዱ የሚገኘው ተመልካቹ ያደገበት ግድግዳ ላይ ነው፣ ፓሪስ አይደለም። ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 ያንን የመጽሔት ሽፋን፣ የፈረንሳይ ወታደር ልብስ ለብሶ ሰላምታ የሚሰጠውን ጥቁር ወጣት ሲፈታ እኮ የፈታው የራሱን አገር ኮድ ነው፣ ባንዲራው ሽፋኑ ላይ ሳይኖር ባንዲራ ያየው ፈረንሳይ ውስጥ ስለኖረ ነው።

ሠዓሊው የዘጌን ሥዕል አስቦ ነው ወይስ በጎን መሣል ስለሚቀለው? አላውቅም፣ ደግሞም ብዙ አያስጨንቀኝም። የሠዓሊው ሐሳብ ምን ነበር የሚለው ጥያቄ የሚያበቃበት ቦታ አለ፣ እማዬ አይታዋለች፣ በቃ አለ።

በማግስቱ ደግሞ ሌላ ጉድ። ካርቱኑን ተማሪዎች ኮፒ እያስደረጉት ስለነበር አንዱን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አንድ ሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ታንኳ ሠሪ ናቸው፣ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። አዩት፣ ጠጋ ብለው አዩት፣ ከዛ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ካርቱኑ የፈለገው ሳቅ አይደለም። "ይሄን የሣለው ልጅ ታንኳ ላይ ተቀምጦ አያውቅም" አሉኝ። ምነው ጋሼ ስላቸው፣ "ደንገል እኮ አይበሳም! እስር ነው፣ ጀልባ መሰለህ እንዴ? ብትወጋውም በጎኑ ያልፋል እንጂ አይሰጥምም" አሉ። ታዲያ ታንኳ በምንድን ነው የሚሞተው አልኳቸው። "ውኃ ይጠጣል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። ካላወጣኸው፣ ፀሐይ ላይ ካላቆምከው ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ አንድ ቀን ጭነትህን ይዞ ዝቅ ይላል። ድምፅ የለውም።"

እኔ ፎቶ ኮፒውን ትቼ ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱም ተመልከቱ፣ ይሄ ዝርዝር ተራ ስህተት አይደለም፣ የካርቱኑን ፖለቲካ ነው የሚገለብጠው። ቀዳዳ ካለ የቀደደው አለ፣ ደፋኙም አለ፣ አንድ ጥፋተኛ ፈልገን አንድ ቡሽ ወትፈን እንድናለን። እርጥበት ከሆነ ግን ሁላችንም በየቀኑ ሳናወጣው፣ ሳናደርቀው ያሳደርነው ነገር ነው፣ ቦርጫሙም፣ ቀዛፊውም፣ ኮፒ አድራጊውም። ሠዓሊው የሣለው ጀልባን ነው፣ ቅርፁን ደንገል አድርጎት። እና አምስቱም መነጽር ይሄን አላዩም፣ አምስቱም ቀዳዳውን እንደ ቀዳዳ ተቀብለው ትርጉም ሲያበጁለት ነው የዋሉት፣ አንዱ ሙስና፣ አንዱ የሥርዓት ቀውስ፣ በፍሮይድ በኩል ያለው ንባብማ ምን እንዳለው እዚህ አልጽፈውም፣ እማዬ ጋዜጣ ታስነብበኛለች። ከቲዮሪ በፊት ዕቃውን ማወቅ ይቀድማል ስል ለማጥላላት አይደለም፣ ሰሙ ካልያዘ ወርቁ የት ላይ ይፈስሳል?

ማርክሲስቱ ጋ ልምጣ፣ ማርክሲስቱ አንድ ሱቄ የሚመጣ የማስተርስ ተማሪም ነው፣ ደግ ልጅ ነው፣ ብድር አለብኝ እያለ ይከፍላል። እሱም ሆነ ጸሐፊው ያሉት አንድ ነው፣ ቦርጫሙ በዝባዥ፣ ከሲታው ተበዝባዥ፣ ጨረስን። ይሄንን ለማለት ማርክስ አያስፈልግም፣ ሕፃን ያየዋል። ማርክሲዝም የሚጠቅመው የማይታየውን ሲጠይቅ ነው። ማዳበሪያዎቹ የማን ናቸው? ለምን ስም አልተጻፈባቸውም? ከዘጌ የመጣ ቡና ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ የቀዛፊው የራሱ ከሰል ከሆነ ሌላ፣ የእርዳታ እህል ከሆነ ደግሞ ሌላ። ግራምሺ ሙሶሊኒ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ሲጽፍ የከነከነው ሰው በዱላ ብቻ ሳይሆን እሺ ብሎም ለምን ይገዛል የሚለው ነው፣ ታዲያ ከሲታው ቀርከሃውን ለምን አይጥለውም? እንደገና እዩት እስቲ፣ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ እንዲያውም የሰውዬውን ንግግር ጆሮውን አዘንብሎ እየሰማ ነው። እሱ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጻፍ እከፍልበት ነበር።

አሁን ደግሞ ትንሽ የሚከብደኝን ልናገር። ያ ቀዛፊ ማነው? ጸሐፊው "ሕዝቡ" ነው አሉ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ግን ባዶ እግሩን፣ በቀርከሃ፣ ደንገል ላይ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ነገደ ወይጦን ነው። በታንኳ ሥራ የታወቁት እነሱ ናቸው፣ ከጥንትም ሲገለሉ የኖሩትም እነሱ ናቸው፣ አብሮ መብላት እንኳ ሲነፈጉ። ካርቱኑ እነሱን ወስዶ የ"ሁላችን" ምልክት አደረጋቸው፣ ለሥዕል ሲሆን ሕዝብ፣ ለማዕድ ሲሆን ሌላ። ሕንዳዊቷ የሂስ ምሁር ጋያትሪ ስፒቫክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጽሑፍ የበታቹ መናገር ይችላል ወይ ብላ ስትጠይቅ ዋናው ነገር ስለሱ የሚናገርለት በዝቶ የሱ ድምፅ መጥፋቱ ነው። ፖስት ኮሎኒያሊዝምን ጸሐፊው ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ብቻ ነው የመዘዙት፣ ሐይቃችን ዳር አላመጡትም። ሱቄ የመጡት ሽማግሌ ከነሱ ናቸው። ስለ ካርቱኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግድግዳዬ ሥር ስንት ሰው ሲከራከር እሳቸውን የጠየቀ የለም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም፣ መታወቂያ ኮፒ ማስደረግ ባይኖርባቸው ኖሮ አይመጡም ነበር።

ጸሐፊው ስለጠቀሱት ስለ እንግሊዛዊው ቅኝ ገዢ ስለ ሮድስ ካርቱን ግን እስማማለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 እንግሊዝ አገር የወጣው፣ ሰውዬው አንድ እግሩን ኬፕ አንድ እግሩን ካይሮ ላይ አንሰራፍቶ የቴሌግራፍ ሽቦ ዘርግቶ የቆመበት፣ እግሮቹ ሥር ያለው ሁሉ ባዶ መሬት ሆኖ። ከአራት ዓመት በኋላ ዓድዋ መጣ፣ ባዶ እንዳልነበረ ለማስታወስ ያህል። ግን ለኛ የሚቀርብ ምሳሌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 እና 36 ኤንሪኮ ዴ ሴታ የሚባል ጣልያናዊ ለወራሪው ጦር ወታደሮች አስቂኝ ፖስታ ካርዶች ሥሎ ነበር። አንዱ ላይ ወታደሩ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቆሟል፣ ወደ አገሩ ለጓደኛው የሚልከው ጥቅል ይዞ፣ ጥቅሉ ሴት ናት። የኛ ሴት፣ እንደ ዕቃ ተጠቅልላ። እዚህ ላይ ፌሚኒዝምና ፖስት ኮሎኒያሊዝም ለየብቻ አንቀጽ አይሰጣቸውም፣ አንድ ላይ ነው የሚያዩት፣ አገሪቱም ሴቲቱም በአንድ ገመድ ታስረዋል። ደግሞ ካርቱን ሁሉ ጉልበተኛን የሚነካ ጀግና አድርገው ለጻፉት ጸሐፊ ይሄ መልስ ይሆናል፣ ይሄኛው የሚስቀው ከባለ መሣሪያው ጋር ሆኖ ነው። ለታንኳዋ ሴት ጽሑፉ አራት መስመር ሰጣት፣ "የእናትነት ተምሳሌት" ተብላ። ተምሳሌት ከመሆኗ በፊት ፊት የላትም። ሰውዬው አንድ ዓይን አለው፣ ቀዛፊው ሁለት፣ እሷ ዜሮ። ዓይን በሚቆጠርበት አገር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ተናደድኩበት ልመለስ፣ "ሁሉም ንባብ እኩል ነው" ወደሚለው። የባህልና የሚዲያ ምሁሩ ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ሰው መልእክትን በተላከለት መልክ ሊቀበለው ይችላል፣ ሊደራደርበት ይችላል፣ ሊቃወመው ይችላል ሲል ሦስቱም ልክ ናቸው አላለም፣ ሦስቱም አሉ ነው ያለው። የኛዎቹ ሊቃውንት አንድም፣ አንድም፣ አንድም እያሉ አንድን ጥቅስ አምስት ጊዜ ሲፈቱት የኖሩ ናቸው፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው እስኪለያዩ ድረስ ተከራክረዋል፣ እንግዲህ የራሳችን የሂስ ትምህርት ቤቶች ማለት ነው። ግን አንድም ያለ ሁሉ አይሰማም፣ ከንባቡ ቃል ላይ ካልቆመ ባዶ ነው፣ መምህሩ ከየት አመጣኸው ይላል። ሱቄ ውስጥ አንድ ልጅ ስልኩን እየነካካ "እምቦጩ የእገሌ ብሔር ነው፣ ቴሌግራም ላይ አይቻለሁ" አለ። ሱቁ ጸጥ አለ። ማርክሲስቱ ልጅ ነው የመለሰለት፣ "የቱ ጋ ነው የተሣለው? አሳየኝ" አለው። ሊያሳየው አልቻለም፣ እምቦጩ ቅጠል ነው፣ ሐይቁ ላይ ያለው እምቦጭ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ። ይሄንንም ንባብ ከእማዬ ንባብ ጋር እኩል ነው ልትሉኝ ነው? እንዲህ አይነቱ እኩልነት በዚህ አገር ሰው ያስገድላል፣ ቀልድ አይደለም።

ድሮ ነገሥታቱ እረኛ ምን አለ ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛውን ጠየቁ እንጂ ስለ እረኛ የጻፈውን አልጠየቁም፣ ይሄን ለጸሐፊው በክብር ነው የምለው፣ ጽሑፋቸው ባይኖር ይሄ ሁሉ ክርክር አይነሳም ነበር፣ በካርቱኑ ኮፒም ከአርባ በላይ ሸጫለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ጥያቄና አንድ ጥቆማ አለኝ። ጥያቄው፣ ካርቱኑን ከገጹ እጥፋት ላይ አታድርጉት፣ የሴትየዋ ጀርባ እዛ ላይ ነው የተሰበረው፣ ሕትመቱም ቀለም ዘጭ አድርጎበታል። ጥቆማው፣ ሽማግሌው ባለፈው ሐሙስ መታወቂያቸውን ሊወስዱ ሲመለሱ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ቀዳዳውን ጭረው አጠፉት፣ ከዛ ከታንኳዋ ሆድ በላይ፣ ማዳበሪያዎቹ ሥር፣ አንድ መስመር አሰመሩ። ውኃው እዚህ ድረስ ነው የሚጠጣው፣ ከላይ ደረቅ ይመስላል አሉ። ሴትየዋንም ትንሽ አዩዋትና "ልጁን ከጀርባዋ ታውርድ፣ ጭራው ነው ቀድሞ የሚጠልቀው" አሉኝ። ኮፒውን ከደብዳቤው ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ፣ ለሠዓሊው አድርሱልኝ።

አክባሪያችሁ፣ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ከባሕር ዳር